ጥር 5 መንገድ እንድንወጣ እናቴን ምን ብዬ ላሳምናት?

የቆጪ ልጅ — ታኅሣሥ 24

ሰላም የጅማ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ልትዳር ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ለድግሱ ሥራ ቀድመን መድረስ ስላለብን ጥር 5 ጠዋት ከመናኸሪያ ልንሳፈር ወስነን ነበር። እናቴ ግን «በሌላ ቀን ሂዱ፤ በጥር አምስት ከቤቴ ሰው መንገድ አይወጣም» ብላ አልሰማም አለች።

ምክንያቷን አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድሟ ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ በወጣው ባቡር ውስጥ ነበር። 22 ዓመቱ ነበር። ፎቶግራፉ ዛሬም ሳሎናችን ባለው ቡፌ ውስጥ ከሲኒዎቹ ኋላ ቆሟል፤ ሰፊ ቦላሌ ለብሶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ስለገባች ፊቱን ጨምደድ አድርጎ። በየዓመቱ በዚያ ቀን እናቴ ፎቶውን አውጥታ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ከደጅ አትወጣም። እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ አብረናት እንውላለን።

እኔ ልሞግታት ብዬ ስለ ቀኑ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሳነብ ግን ይባስ ብዬ ፈራሁ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 13 ነው። በ1907 ዓ.ም. ጣሊያን ውስጥ አቬዛኖ የምትባል ከተማ በማለዳ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈራርሳ በአካባቢው 30 ሺህ ያህል ሰው አልቋል። በ1931 አውስትራሊያ ቪክቶሪያ ውስጥ ሰደድ እሳት 71 ሰዎች ገድሏል። በ1974 ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ድልድይ መትቶ የበረዶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 78 ሰዎች ሞተዋል። በ1993 ኤል ሳልቫዶር የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ከ900 በላይ ሰው። በ2004 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ፣ 32 ሰዎች። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በ1900 ዓ.ም. አሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ በአንድ የቴአትር አዳራሽ እሳት 171 ሰዎች።

አሁን እናቴን ማሳመን ይቅርና ራሴን ማሳመን አቃተኝ። ይህ ቀን የተለየ ነገር አለው?


እውነት ፈላጊ — ታኅሣሥ 24

የለውም እህቴ። እስኪ ሌላ ቀን ክፈቺ። መጋቢት 1ን ውሰጂ፦ በ2011 ዓ.ም. የእኛው አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁበት ቀን ነው። በዚያው በመጋቢት 1፣ በ1898 ዓ.ም.፣ ፈረንሳይ ኩርዬር ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፈንድቶ 1,099 ሰዎች ሞተዋል። አንድ ቀን ወደ ፊት ሂጂ፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ፤ መጋቢት 2 ቀን 2003 ጃፓንን ሱናሚ መታ። ዓለም ሰፊ ነው፣ ዓመቱም ብዙ ነው። አደጋ ያልደረሰበት ቀን ብትፈልጊ አታገኚም። ለእናትሽ ይህንን አሳዪያቸውና ጉዳዩን ዝጊው።


ባሕረ ሐሳብ — ታኅሣሥ 25

አንድ እርማት አለኝ፤ ለጉዳዩም ይጠቅማል። ጃንዋሪ 13 ሁልጊዜ ጥር 5 ላይ አይውልም። በሉቃስ ዘመን መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚቀጥለው የዮሐንስ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ይገባል፤ ስለዚህ በዮሐንስ ዘመን ጃንዋሪ 13 ጥር 4 ነው። ኮስታ ኮንኮርዲያ አለት የመታችው በ2004 ነው፣ 2004 ደግሞ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። የፔንሲልቬኒያው የቦየርታውን እሳትም በ1900 ዓ.ም. ነው፣ እሱም ዮሐንስ። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ጥር 4 የደረሱ ናቸው። የቀሩት የዘረዘርሻቸው አምስቱ በትክክል ጥር 5 ናቸው።

እንግዲህ ቀኑ ራሱ ክፉ ቢሆን በየትኛው አቆጣጠር ነው ክፉ የሚሆነው? በእኛ ነው ወይስ በእነሱ? ጥር 5 ደግሞ የአቦ ዕለት ነው። ስንቱ ቤት ጠላና ዳቦ ተይዞ ጎረቤት የሚሰበሰብበት ቀን ነው።


የጅሬን መምህር — ታኅሣሥ 25

ከላይ ያሉት ወንድሞች በሒሳቡ ትክክል ናቸው። ግን የእናትሽ ወንድም የሞተበት ነገር እንዲህ በቁጥር መካከል እንዲታለፍ አልፈልግም፤ ትምህርት ቤት ሳስተምርም ልጆቹ ስለ ታይታኒክ ሲያውቁ ስለ አዋሽ የሚያውቅ አንድ እንኳን አላገኘሁም።

ከጅቡቲ የተነሳው ምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ዛሬ በአዲሱ የጅቡቲ መስመር የሚሄደው ባቡር 1,435 ሚሊ ሜትር ላይ ነው የሚቆመው። እሁድ ጥር 5 ቀን 1977 ያ ፈጣን ባቡር አዋሽ አካባቢ ገደል ላይ ከተሠራ ድልድይ አጠገብ ወዳለው ኩርባ ሲገባ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ። አንድ ሺህ ያህል ሰው ተሳፍሮ ነበር፤ ሞቱ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው ቁጥር 428 ነው። በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ የከፋው እሱ ነው። ነጂው ፍጥነት ባለመቀነሱ ተጠያቂ ሆኖ ታስሯል።

ልጆቹን ኩርባ ላይ የሚሆነውን ሳስረዳ በባልዲ ውኃ ነው የማሳየው። ባልዲውን በገመድ አስሬ አዞራለሁ። ቀስ ብዬ ሳዞረው እጄን ትንሽ ይስበዋል፤ ፍጥነቱን እጥፍ ሳደርገው ስበቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ባቡሩም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ከልኩ ትንሽ ያለፈ ፍጥነት ኩርባ ላይ ትንሽ አይደለም። በጠባብ ሐዲድ ላይ የቆመ ከባድ ፉርጎ ደግሞ ለመገልበጥ ብዙ አይፈልግም።

ጊዜውም የርሃብ ጊዜ ነበር። አገሩ በወሎና በትግራይ ሙታን ተጠምዶ ሳለ 428 ሰው በአንድ ቀን አለቀ፤ የእነሱ ነገር በዚያው ተዋጠ። እናትሽ በየዓመቱ ያንን ፎቶግራፍ እያወጡ የሚወለውሉት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሌላ የሚያስታውሰው ስለሌለ ነው።


የመርካቶው ሐጂ — ታኅሣሥ 25

ልጄ፣ መምህሩ ልክ ተናገሩ። ቀኑን የፈጠረው አላህ ነው፤ ቀን አይወቀስም። ግን ለእናትሽ «ሒሳቡ እንዲህ ነው» ብለሽ ወረቀት ይዘሽ አትቅረቢ። እኔ ልጄን የቀበርኩት ሰኞ ቀን ነው፤ 19 ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ሰኞ ሱቄን የምከፍተው አርፍጄ ነው። ሰኞ ክፉ ነው ብዬ አይደለም።

አጠገቧ ተቀመጪና ስለ ወንድሟ ጠይቂያት። ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ኑሮው።


ጡረተኛው ሾፌር — ታኅሣሥ 26

በዚህ ክር ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከጅማ አዲስ አበባ ቡና እየጫንኩ 31 ዓመት ተመላልሻለሁ። የምነግራችሁን ለብዙ ሰው ነግሬ አላውቅም።

በኤንትሬ ነው። ቡናው ተቀሽሮ፣ በጆንያ ተሞልቶ፣ መኪናው እስከ ጫፉ ተጭኗል። ረዳቴ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከአበልቲ ወደ ጊቤ መውረድ ስንጀምር ቸኩያለሁ፤ የመኪናው ባለቤት ማታውኑ ግባ ብሎኛል። ቁልቁለቱን መውረድ የነበረብኝ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘኝ ነበር። እኔ በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። ልጁ ከጎኔ ተቀምጦ አፍንጫውን ወደ መስኮቱ አድርጎ አሸተተና «ጋሼ፣ ፍሬኑ ይሸታል» አለኝ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ እኔም አሽትቻለሁ። ግን «ዝም በል! አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» አልኩት። ሁለት ኩርባ እንዳለፍን ድጋሚ አለኝ። ድጋሚ ጮህኩበት። ሦስተኛ ጊዜ አልተናገረም።

የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ብትረግጠው፣ ብትረግጠው መኪናው አይሰማህም። ማርሽ ልቀንስ ስል በዚያ ፍጥነት አልገባ አለኝ። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዤ ጎኑን እያስፈጨሁ ወረድኩ። መኪናው ዘገም ሲል ልጁ በሩን ከፍቶ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ሮጦ ከኋላ ጎማ ፊት ጣለው፤ አንዱ አልያዘም፣ ሁለተኛውን ሲሰጥ እጁን አላወጣም። መኪናው ቆመ። ልጁ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች እዚያ ተወ።

ዛሬ እሱ ራሱ ሾፌር ነው፣ ባለ ሦስት ልጅ አባት ነው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ጊዜ መናገር ነበረብኝ» አለኝ። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ልጁ የራሱ አድርጎ ተሸክሞታል።

ስለዚህ ልጄ፣ ጥር 5ን አትፍሪ። ቸኩሎ የሚነዳንና ረዳቱን የማይሰማን ሰው ፍሪ።


ክንፍ — ታኅሣሥ 26

ጋሼ፣ የጻፉትን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ። የአውሮፕላን ጥገና ተማሪ ነኝ፤ የቆጪ ልጅ የጠቀሰችውን የዋሽንግተኑን አደጋ በክፍል ውስጥ ተምረነዋል። የእርስዎ ታሪክ ነው፤ ቦታውና መኪናው ብቻ ነው የተለየው።

ኤር ፍሎሪዳ የበረራ ቁጥር 90፣ ቦይንግ 737። ጥር 5 ቀን 1974 ዋሽንግተን ውስጥ ከባድ በረዶ እየጣለ ነበር። አብራሪዎቹ የሞተሩን በረዶ መከላከያ ማሞቂያ አላበሩም። ግፊት የሚለካው ቀዳዳ በበረዶ ሲደፈን መሣሪያው ሞተሩ ከሚሰጠው በላይ ኃይል እየሰጠ ነው ብሎ አሳያቸው። ክንፎቹም ላይ በረዶ ነበር። አኮብኩበው መሮጥ ሲጀምሩ ረዳት አብራሪው የመሣሪያው ንባብ ልክ እንዳልሆነ ተናገረ። ዋናው አብራሪ ልክ ነው አለው። ረዳቱ ጥርጣሬውን ደጋገመ፣ ግን «አቁም» አላለም። አውሮፕላኑ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ላይ የነበሩ መኪኖችን መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 79 ሰዎች የተረፉት 5 ብቻ ናቸው፤ ድልድዩ ላይ ደግሞ 4 ሰዎች ሞቱ። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ በዚያችው ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 3 ሰዎች ሞቱ። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ከተማ።

እዚያ ወንዝ ውስጥ አርላንድ ዊሊያምስ የተባለ ተሳፋሪ ነበር። ሄሊኮፕተሯ የምትጥለውን ገመድ በተደጋጋሚ ለሌሎች አሳለፈ። ለእሱ ስትመለስ ሰጥሟል። ድልድዩ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚህ አደጋና እሱን ከመሰሉት በኋላ ነው በአብራሪዎች ሥልጠና ውስጥ የበታቹ በግልጽ እንዲናገር፣ የበላዩም እንዲሰማ ማስተማር የተጠናከረው። የእኛ አስተማሪ ሲያስረዳን «ረዳት አብራሪ» ሲል እኔ ሁሌም የአውቶቡስ ረዳት ነው ትዝ የሚለኝ። ለታላቅ ሰው «ተሳስተዋል» ማለት እንደ ብልግና እየተቆጠረ ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህን ሥልጠና ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን።


እውነት ፈላጊ — ታኅሣሥ 26

ሐጂን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ «ጉዳዩን ዝጊው» ማለቴ ልክ አልነበረም።

የኮስታ ኮንኮርዲያም ነገር ያው ነው፤ ጥር 4ም ቢሆን። ካፒቴኑ ጂሊዮ ለተባለችው ደሴት ከተገቢው በላይ ቀረበ፣ አለት መታ፣ ከ4,200 በላይ ሰው ከጫነችው መርከብ ላይ ብዙ ሰዎች ገና ሳይወጡ እሱ በነፍስ አድን ጀልባ ወጣ። የባሕር ጠረፍ ጠባቂው መኮንን ወደ መርከቧ ተመለስ እያለ በስልክ ሲጮህበት የተቀዳው ድምፅ በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። 16 ዓመት ተፈርዶበታል።


የአፈር ሰው — ታኅሣሥ 27

የመንገድና የአፈር መሐንዲስ ነኝ። ስለ ኤል ሳልቫዶር ማንም አላነሳምና ልጨምር፤ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው እሱ ስለሆነ።

ጥር 5 ቀን 1993 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ ሳንታ ቴክላ በምትባል ከተማ ላስ ኮሊናስ ከተባለ ሰፈር በላይ ያለው ተዳፋት ተናደ። ከጠቅላላው ሟች ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ 585 ያህል ሰው፣ በዚያ አንድ ናዳ ሥር ነው የቀረው። በተራራው ላይ የሚካሄደውን ግንባታ የተቃወሙ ሰዎች ነበሩ፤ አቤቱታቸውም አልተሰማም። «ጋሼ፣ ይሸታል» ያለ ሰው እዚያም ነበረ።

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጎፋ ውስጥ በሐምሌ 2016 የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ200 በላይ ሰው። ልብ የሚሰብረው ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሰብስበው ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ ወርዶባቸው መሆኑ ነው። የተናደ ተዳፋት አልጨረሰም። ዝናብ የጠገበ አፈር ሥሩ የነበረው ድጋፍ ሲሄድ ከላይ ያለውም ይከተላል። ጅማም የተዳፋት አገር ናት፤ ክረምት ላይ ከቤታችሁ በላይ መሬቱ ስንጥቅ ካሳየ፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ማዘንበል ከጀመረ፣ ጥርት ይል የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ሰው ለማዳን ስትሮጡም አንድ ሰው ወደ ላይ እያየ እንዲቆም አድርጉ። ወንድሞቻችንን ያጠፋቸው ደግነታቸው ነው፤ ማንም ወደ ላይ እንዲያይ አልነገራቸውም።


የድግስ አዳራሽ — ታኅሣሥ 27

እኔ በአንድ አዳራሽ እሠራለሁ። ስለ ቦየርታውን ሳነብ ተነስቼ ሄጄ የኋላውን በር አየሁት። በሰንሰለት ታስሯል፤ ያሰርነውም እኛው ነን፣ ያልተጠራ ሰው እንዳይገባ ብለን። ከዚያ እሳት በኋላ በፔንሲልቬኒያ የወጣው ሕግ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱና ሰው ውስጥ ሳለ እንዳይቆለፉ አዟል። ሰንሰለቱን ፈትቼዋለሁ። የጥር ሠርግ ሊጀመር ነውና ሌሎችም አዳራሻችሁን እዩ።


የቆጪ ልጅ — ጥር 6

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ደርሰናል።

የሐጂን ምክር ሰማሁ። በገና ማግስት አጠገቧ ተቀምጬ ስለ አጎቴ ጠየቅኳት። ያልነገረችንን ሁሉ ነገረችኝ። ፉጨት ይወድ ነበር፤ ከሩቅ በፉጨቱ ነው የምታውቀው። ያንን ቦላሌ ያሰፋው በመጀመሪያ ደመወዙ ነው። ከዚያ የጡረተኛውን ሾፌር ጽሑፍ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታ «ያ ልጅ ሾፌር ሆነ?» አለች። አዎ አልኳት። ብዙ ቆይታ «እንግዲያው በቀን ሂዱ» አለች።

ትናንት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነስታ ቡና አፈላች። አቦል ጠጥተን ወጣን። ፎቶውን ቀድማ አውጥታው ነበር።

አሰንዳቦንና ሶኮሩን በደህና አለፍን። አበልቲ ስንደርስ ቁልቁለቱ ሲጀምር ልቤ ይመታ ነበር። ሾፌራችን ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ እንደ እግረኛ ነው የወረደው። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው!» ብሎ ጮኸ። እህቴን ታውቋት ቢሆን፤ በትምህርት ቤት እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ዞር ብላ «ጋሼ፣ ተዉት እንደያዘው ይውረድ» አለቻቸው። ሰውዬው ዝም አሉ።

ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። «ጊቤን አለፋችሁ?» አለች። አዎ አልኳት። ምንም አልመለሰችም፤ ከወዲያ በኩል ግን ሲኒ ሲቀመጥ ሰማሁ።


ጡረተኛው ሾፌር — ጥር 6

እሰይ፣ እሰይ። አንብቤ ለቤተሰቡ ሁሉ አነበብኩላቸው። ለረዳቴም ደውዬ እናትሽ ስለ እሱ የጠየቁትን ነገርኩት።

ስትመለሱም በቀን ተሳፈሩ። ከወልቂጤ በኩል ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለትም ቀላል አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያስበው የአበልቲውን ብቻ ነው። የተቃጠለ ሸራ ከሸተታችሁ ወዲያው ተናገሩ። ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።